የተመለሰው ምንቸት

ለግማሽ አገር እንቅልፍ ሲሸጥ የኖረው ፌይ ሆንግታኦ ማክሰኞ ጧት በቀርከሃ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ቀኝ እጁ የሸሚዙን ደረት ጨምድዶ ይዟል። ፊት ለፊቱ ሳይጨረስ የቀረ የቼዝ ጨዋታና ጭላጩ የደረቀበት ጎድጓዳ ሳህን ነበር።

ገዢዎቹ «ሊቀ እንቅልፍ» ይሉት ነበር። ድንቄም ሊቅ! እኛ የውሃ ወፍጮ መንገድ ሰዎች በወርቃማ ቆርቆሮ የሚያሽገውን ሻይ ከምን እንደሚሠራው እናውቃለን፤ የመጋዘን ጥራጊና የተቆላ ገብስ ነው። እሱ ራሱ አንዲት ጠብታ ቀምሶለት አያውቅም። ለራሱ የሚጠጣውን የመድኃኒት ሱቁ መዛኝ ታን ሱቺን ብቻ በእጇ መዝና ትሰጠዋለች። ሲመሽ ራሱ ያፈላዋል፤ አተላውንም ራሱ ወጥቶ መንገድ ላይ ይደፋል፣ አላፊ አግዳሚው ረግጦ ሕመሙን ይዞለት እንዲሄድ። ሌላው ሰው አተላውን እስከ መስቀለኛ መንገድ ይወስዳል፤ እሱ ግን ለአሥር እርምጃ ሰንፎ በእማማ ሼን ደጃፍ ላይ ይገለብጥ ነበር።

መርማሪ ሉዎ ጂንሹ ከአውራጃው ከተማ የደረሰችው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አጭር ሴት ናት፣ ሃምሳ አራት ዓመቷ፣ ከዓይኖቿ ሥር ጥቁር ከረጢት የተንጠለጠለባት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ከድቷት ኖራለች፤ ስለዚህ ለእንቅልፍ ይበጃል የተባለ ሥርና ቅጠል ሁሉ በጉሮሮዋ አልፏል። ሰው ስትንቅ አትደብቅም። የምትንቀው ደግሞ ብዙ ሰው ነው።

ሳጅን ጎንግ ሆዱን አስቀድሞ በር ላይ ተቀበላት።

«እንኳን ደህና መጡ መርማሪ! በከንቱ ደከሙ እንጂ ነገሩ እኮ አልቋል።»

«አልቋል? መቼ ጀመረ?»

«በእጄ ነው ስልዎት! ወጥ ቤት ያለውን የመድኃኒት ምንቸት ከፍቼ አየሁ፤ አተላ አለበት። አተላው ውስጥ ደግሞ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? የቁራ ራስ!»

የቁራ ራስ የሚሉት ከተራራ የሚቆፈር ጥቁር ሥር ነው። ለጉልበት ሕመም ከውጭ ይታሻል፤ የጠጣው ሰው ግን ልቡ ቀጥ ይላል።

«መዛኟ ሱቺን ናት» ቀጠለ ሳጅኑ። «መጀመሪያ መሳቢያ ተሳስታ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ከቤቷ ሌላ ምንቸት አገኘሁ፤ ማፍሰሻ አፍንጫው ውስጥ ያው ጥቁር ሥር ተሰክቷል። ቤቷ አፍልታ ያመጣችው ነው እንግዲህ። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ አውራጃው እስር ቤት ይወስዳታል።»

«ቤቷን ፈትሽ ያለህ ማነው?»

«ዶክተር ሆንግቢን ናቸው፣ የሟች ወንድም። የተማሩ ሰው አይደሉ? ቶሎ ነው የገባቸው።»

«አንተም ቶሎ ተከተልካቸው» አለችና አልፋው ገባች።

ወጥ ቤት ምንቸቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አተላውን በመመገቢያ እንጨት አገላበጠችው። ጥቁሮቹ የሥር ቁራጮች አሉ። ከእነሱ ጋር የዱር ቁርቁራ ዘር አለ፣ ለእንቅልፍ ሻይ ዋነኛው እሱ ነው። ዘሮቹ ቀይና ክብ፣ እንደ ሸሚዝ አዝራር ሙሉ ናቸው። ሦስቱን በመሃረቧ ጫፍ ቋጠረች።

የሟች ሚስት ሩዩን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ስልኳን በማቆሚያ ላይ ተክላ ስታለቅስ ራሷን ትቀርጻለች። እንባው ሲነጥፍባት መስተዋት ታይና እንደገና ትጀምራለች።

«ለማን ነው የሚለቀሰው?» አለቻት ሉዎ።

«ለተከታዮቼ ነዋ! አራት መቶ ሺህ ሰው እኮ ነው የሚጠብቀኝ።»

«እንግዲያው አናስጠብቃቸው። ትናንት ማታ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቀጥታ ስርጭት ላይ ሻያችንን ስሸጥ ነበርኩ። ሕዝብ ምስክሬ ነው።»

«ባልሽስ?»

«ሻዩን አፈላ፣ ወጥቶ አተላውን ደፋ። ከዚያ ሆንግቢን ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣና ቼዝ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሆንግቢን በወጥ ቤቱ በር ወጥቶ ሄደ። እኔ ባሌን ሳላየው ተኛሁ፤ ሁልጊዜም ወንበሩ ላይ ነው የሚያንቀላፋው።»

ሉዎ ከመሃረቧ አንዲት ዘር አውጥታ አሳየቻት። «ይህ ምንድን ነው?»

«ለውዝ ነው?»

«ስድስት ዓመት የሸጥሽው ሻይ ነው።»

«እኔ እኮ የተጻፈልኝን ነው የማነበው!» አለች ሩዩን ተቆጥታ።

«ይታወቃል። ለመሆኑ ይህ እዚህ የተጣጠፈው ቀይ ሐር ምንድን ነው?»

ሩዩን ከንፈሯን ነከሰች። ሐሩ በማግስቱ ለሚደረገው በዓል የተዘጋጀ ነበር። ሟቹ የቤቱን የስም ሰሌዳ ከነሱቁ ለስምንተኛው ወራሽ ሊያስረክብ ነበር።

«ለወንድሙ?»

«ምን ለወንድሙ! ለሱቺን እንጂ! ስሟን ያስጠለፍኩት እኔ ነኝ፣ እጄን በቆረጠው። ባለፈው ሐሙስ ለሆንግቢን ብነግረው ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«አዎ፣ ሳቀ። ምን ያስቃል?» ብላ ሩዩን ወደ ስልኳ ዞረች።

ሱቺን ሱቁ ውስጥ በሦስት መቶ መሳቢያዎች መካከል ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ገብታ ከዚያች ባንኮኒ ኋላ አርጅታለች። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆኑ ሁሉ ትመለከታቸዋለች።

«እትዬ ሱቺን፣ ትናንት ምን መዘንሽለት?»

«ያው የዘወትሩን ነው። የቁርቁራ ዘር፣ የጥድ ሥር እንጉዳይ፣ ጣፋጭ ሥር። ዓይኔን ብጨፍን እጄ ያውቀዋል።»

«የቁራ ራስስ?»

«ኧረ በስመ አባቴ! የሱ መሳቢያ እኮ ይቆለፋል። ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ ነው፤ እኔ፣ ሟችና ዶክተሩ።» የሁለት እጆቿን መዳፍ ገልብጣ አሳየቻት። «መርማሪዋ፣ አርባ ዓመት ስመዝን እጄ አንድ ቀን አልሳተም። እስር ቤቱ አይደለም የሚያቃጥለኝ። ነገ የዚህ መንገድ ሰው ሁሉ ከእጄ የጠጣውን እያስታወሰ ሆዱን ሊይዝ ነው። ይህን እያወቅሁ ከምኖር ብሞት ይሻለኛል።»

«እስቲ ለእኔ አንድ መዝኝልኝ። እንቅልፍ የለኝም።»

«አሁን? ገዳይ ናት እየተባልኩ?»

«አሁን።»

ሱቺን ተነሳች። የእጅ ሚዛኑን ስታነሳ መንቀጥቀጧ ቆመ። መሳቢያ ስባ፣ መዝና፣ ወረቀት ላይ ዘረገፈች። የቁርቁራውን ዘር ግን ወደ ናስ ሙቀጫ ጨምራ አራት አምስት ጊዜ ከሰከሰችው።

«ለምን ወቀጥሽው?»

«ሙሉውን ልስጥሽ ታዲያ? ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ ውሃው ምኑን ያወጣዋል? ጠጠር ቀቅሎ መጠጣት ነው እኮ!» አለች፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአዋቂ ሰው አፍ መውጣቱ ገርሟት።

ሉዎ ጥቅሉን ተቀብላ ኪሷ ከተተች። «ምንቸትሽስ? ሳጅኑ አገኘሁ የሚለው?»

የሱቺን ፊት ቀላ። «ስለሱ አታንሺብኝ! ቀኔ የጠቆረው በሱ ነው። ዶክተሩ ዓርብ ዕለት ለሳሌ ብሎ ተዋሰኝ፤ ይዋስ፣ ደግ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሬን ብከፍት፣ ጎንበስ ብሎ ደፌ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል ያዝኩት! የመድኃኒት ምንቸት ይመለሳል? ባለቤቱ ሲያመው ሄዶ ያመጣዋል እንጂ! በእጅ ይዞ መመለስ እኮ በሽታዬን እንኪ ማለት ነው። ክፉው እንዲርቅ ጨው በትኜበት፣ አባት ያላሳደገው ብዬ ሸኘሁት።»

«ከዚያስ?»

«ምን ከዚያስ? ቤቴ ላስገባው ነው? በእግሬ ገፋ አድርጌ ከበሩ ውጪ፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር ደፋሁት።»

ሉዎ ወደ መንገድ ወጣች። እማማ ሼን በደጃፏ የአኩሪ አተር አይብ እየቆረጠች ትራገማለች።

«እማማ፣ የትናንቱ አተላ የት አለ?»

«ይኸውልሽ፣ የት ይሄዳል! ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ እግሬ ላይ ነው የገለበጠው። ‹አያ ሆንግታኦ፣ እግሬ እኮ ነው› ብለው ‹ይባርክሽ› ብሎኝ ገባ። ነፍስ ይማር እንዳልል አፌ እምቢ አለኝ፤ ሲነጋጋ ጀምሮ ስሞክር ነው የዋልኩት።»

ሉዎ ተንበረከከች። ከድንጋዩ ንጣፍ መካከል ያለው የቁርቁራ ዘር ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ጥቁር ሥር ግን አንድም የለም። ከእሱም ቆንጥራ በመሃረቧ ሌላ ጫፍ ቋጠረች።

ዶክተር ሆንግቢን የሚገኘው ከመንገዱ ማዶ፣ በግድግዳው ላይ ዲፕሎማ ከተደረደረበት ክፍል ነው። ወርቃማ መነጽር፣ ነጭ ጋዋን፣ ንጹሕ ጥፍር። የበሽተኛ አንጓ ዳብሶ ሲያበቃ ጣቱን በመሃረብ የሚጠርግ ሰው ነው። መድኃኒት ያዝዛል እንጂ መድኃኒት ነክቶ አያውቅም፤ መመዘን የመዛኝ፣ ማፍላት የገረድ ሥራ ነው ባይ ነው።

«አሳዛኝ ነው» አለ። «ሴትዮዋ ጥሩ ሠራተኛ ነበረች። ግን ያልተማረ ሰው እጅ ላይ መርዝ ማስቀመጥ…» እያለ ትከሻውን ነቀነቀ።

ሉዎ ከወጥ ቤቱ የመጣውን ዘር አሳየችው። «ይህን ያውቁታል?»

«የዱር ቁርቁራ ዘር። ልብን ያረጋጋል፣ ጉበትን ይመግባል፣ ላብ ይገታል። ሙሉውን ጽሑፍ ይፈልጋሉ?»

«ይበቃኛል። ከሱቺን ምንቸት ተውሰው ነበር አሉ?»

«አዎን። የእኛው ተሰንጥቆ፣ ሠራተኛችንም ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር። ግን ቅዳሜ ዕለት መልሼላታለሁ። ከዚያ ወዲህ ምን እንዳፈላችበት እሷ ትጠየቅ።»

«መለሱላት?»

«በሚገባ! የሰው ዕቃ መመለስ ደንብ ነው።»

«ጥሩ አስተዳደግ ነው» አለች ሉዎ። ዶክተሩም ምስጋና መሰለውና ፈገግ አለ።

መኪናው ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሉዎ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ሩዩን በጥቁር ልብስ፣ ዶክተሩ ሰዓቱን እያየ፣ ሱቺን በበርጩማዋ ላይ፣ እማማ ሼን ቢላዋዋን እንደያዘች። ሳጅኑ የሱቺንን ምንቸት ታቅፏል። በሩ ላይ የመንገዱ ሰው ሁሉ ታጭቋል፤ እኛ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠንም።

«ሳጅን፣ ወጥ ቤት ያገኘኸው አተላ የሟች ሻይ አተላ ነው ብለሃል።»

«እንዴታ! ምንቸቱ ውስጥ ነበራ!»

«ሟቹ ግን አተላውን ደፍቶ ነበር። የተደፋበት እግር እዚህ አለ።»

«ይኸው!» አለች እማማ ሼን እግሯን አንስታ።

«የሟች ምንቸት ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ባዶ ነበር ማለት ነው። ጧት የተገኘበትን አተላ ሌላ ሰው አምጥቶ ጨምሮበታል፣ ሱቺን ተሳስታ የመዘነችው እንዲመስል።» መሃረቧን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ሁለቱን ቋጠሮ ፈታች። «ይህ ከመንገድ የለቀምኩት ነው፤ ዘሩ ተወቅጧል። ይህ ከወጥ ቤቱ ምንቸት ነው፤ ዘሩ ሙሉ ነው። ዛሬ ሱቺን ስትመዝን አየኋት። ሞት ደጃፏ ቆሞ እንኳ ዘሩን ሳትወቅጥ አልሰጠችኝም። ወጥ ቤት ያለው ከእጇ የወጣ አይደለም።»

ሱቺን ቀና አለች። በሩ ላይ ሹክሹክታ ተነሳ።

«እንግዲህ ገዳዩ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ቀጠለች ሉዎ። «የቁርቁራ ዘር ለእንቅልፍ እንደሚሆን ያውቃል፣ የቁራ ራስ እንደሚገድል ያውቃል። መወቀጡን ግን አያውቅም። አተላ ቤት ውስጥ እንደማያድርም አያውቅም። ወይዘሮ ሩዩን አይደለሽም፤ አንቺ የቁርቁራ ዘር አይተሽ ለውዝ ነው የምትዪ ሰው ነሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሩዩን፤ ስድብ መሆኑ አልገባትም።

«ሱቺን ሁሉን ታውቃለች፣ ሩዩን ምንም አታውቅም። የምፈልገው ግማሽ የሚያውቀውን ነው። መጽሐፉን በቃሉ ይወጣዋል፣ ሙቀጫ ግን ጨብጦ አያውቅም።»

ዓይን ሁሉ ወደ ነጩ ጋዋን ዞረ። ሆንግቢን ሳቀ፤ ሐሙስ ዕለት የሳቀው ሳቅ ይሄው ሳይሆን አይቀርም።

«መርማሪ፣ ይህ የወጥ ቤት ወሬ ነው። ማስረጃው ከእሷ ቤት የተገኘው ምንቸት ነው።»

«እሺ፣ ወደ እሱ እንሂድ። ሳጅን፣ ከቤቷ ብለህ ነው የጻፍከው። ከቤቷ የት?»

ሳጅኑ አክ አክ አለ። «ያው… ከበሩ ውጪ ነው። ከጣራው ጠርዝ ሥር ተደፍቶ።»

«ዶክተር፣ መቼ ነበር የመለሱላት?»

«ቅዳሜ አልኩዎት እኮ።»

«ምን አለ!» ብላ እማማ ሼን ቢላዋዋን ባንኮኒው ላይ ወረወረችው። «ዛሬ ጧት አይደል እንዴ መንገዱ ሁሉ በሱቺን ጩኸት የነቃው? ‹በሽታህን ይዘህ ሂድ› ስትልህ፣ ከኮትህ ላይ ጨው እያራገፍክ በፊቴ አላለፍክም? ጨዉ አሁንም ደፏ ላይ አለ!»

«እኔም ሰማሁ!» «እኔም በመስኮት አየሁት!» አለ በሩ ላይ ያለው ሰው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ጮኼአለሁ።

«ሞኝነት ነው!» አለ ሆንግቢን። «አጉል እምነት! ምንቸት ቢመለስ ባይመለስ የሚያስታውስ ማነው?»

«ሁሉም» አለች ሉዎ፤ ከዚህ በኋላ አንቱታውን ተወችው። «ያልገባህ ይሄ ነው። በዚህ መንገድ የመድኃኒት ምንቸት መመለስ ጠብ መጫር ነው። ቅዳሜ መልሰህ ቢሆን ኖሮ ከቅዳሜ ጀምሮ ስምህ እየተነሳ ነበር። አንተ ግን ምንቸት የሚዋሱልህም፣ የሚያፈሉልህም ሌሎች ናቸው፤ ዕድሜህን ሙሉ ተፈልቶ ነው የቀረበልህ። ዓርብ ተዋስክ። መርዙን ቤትህ አፈላህበት። ፍሉን በቴርሞስ፣ አተላውን በላስቲክ አድርገህ በቦርሳህ ይዘህ መጣህ። ወንድምህ የቼዝ ሰሌዳ ላይ ሲያፈጥ ሳህኑ ላይ ጨመርክበት፤ መራራ ነው፣ ሻዩም መራራ ነው። ስትወጣ በወጥ ቤቱ አልፈህ አተላውን ባዶው ምንቸት ውስጥ ጨመርክ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ የሱቺንን ምንቸት፣ ጥቁሩን ሥር አፍንጫው ላይ ሰክተህ፣ ወደ ደጃፏ ወሰድክ። ወንድምህ የሞተው ትናንት ማታ ነው፤ ምንቸቱ የመጣው ዛሬ ጧት ነው፤ ደፉንም አላለፈም። እዚያ ውስጥ የተሰካው የተፈላው አንተ ቤት ነው።»

ሆንግቢን መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽሩ የወንድሙን ፊት ነበር የሚመስለው፣ ያንኑ ሌባ ፊት።

«ሰባት ትውልድ!» አለ ጥርሱን ነክሶ። «የአያቶቼን ሰሌዳ ለመዛኝ? ጥፍሯ ሥር አፈር ላለባት፣ ስሟን በቅጡ ለማትጽፍ?»

«ወንድምህ አጭበርባሪ ነበር» አለች ሉዎ። «ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ከዚህች ሴት እጅ በቀር የሚያስተኛው አልነበረም። አንተ እሷን አጥፍተህ በሰሌዳው ሥር ምን ልትመዝን ነበር? የቁርቁራ ዘር እንኳ ሙሉውን ነው የምትቀቅለው።»

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሳቀ። ሆንግቢን በካቴና ሲያዝ ያልቀላው ፊቱ በዚያ ሳቅ ቀላ። ስድስት ሰዓት ላይ የመጣው መኪና እሱን ጭኖ ሄደ።

ሱቺን አሁንም ከበርጩማዋ አልተነሳችም፤ እጆቿን እያየች ነው። ንጹሕ መሆኗን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ግን ወደ ባንኮኒው የቀረበ የለም። መርዝ የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ እንዲህ ነው፤ እኛም ቢሆን ከጀግና ዘር አይደለንም።

ሉዎ ጥቅሉን ከኪሷ አውጥታ ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረገችው። «እትዬ ሱቺን፣ ይህን ዛሬ ማታ ነው የምጠጣው። ስንት ጊዜ ነው የሚፈላው?»

«ሁለቴ» አለች ሱቺን። «ሁለተኛውን ከመተኛትሽ በፊት።»

እማማ ሼን ቢላዋዋን ከባንኮኒው አነሳችና ክርኗን ተከለችበት። «ለእኔም መዝኝልኝ እንጂ ምን ትጎለቻለሽ! በዚህ ሁሉ ጉድ ማን እንቅልፍ ይወስደዋል?»

ሱቺን እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሳች። ወዲያው ሙቀጫው መጮህ ጀመረ፤ ከእማማ ሼን ኋላ ሌላ ሰው፣ ከሱም ኋላ ሌላ ተሰለፈ።

ሳጅን ጎንግ ግን ማፈሩን በደግነት ሊሸፍን ፈለገና ምንቸቱን እንደታቀፈ ተጠጋት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምንቸትዎ ለጊዜው ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ ግን በገዛ እጄ፣ እቤትዎ ድረስ አምጥቼ እመልስልዎታለሁ።»

ሱቺን ዘነዘናዋን አስቀምጣ የጨው መሳቢያውን ሳበች።